«የልጁ ልብ ችግር አለበት» ሲባል

በአገራችን ልማድ ለነፍሰ ጡር ሴት ክፉ ወሬ አይነገራትም። የቅርብ ዘመዷ ቢሞት እንኳ እስክትገላገል ድረስ የሚደበቅባት ጊዜ ብዙ ነው። ለቅሶ የዋሉ ዘመዶች ጥቁሩን ልብስ አውልቀው ይጠይቋታል፤ ጎረቤትም አፉ እንዳያመልጠው ይመከራል። ልማዱ ድንጋጤ እርሷንም ጽንሱንም ይጎዳል ከሚል አሳቢነት የመጣ ነው።

ለሌላውም ሰው ቢሆን መርዶ ሥርዓት አለው። መንገድ ላይ ወይም ሥራ ቦታ አይጣልበትም። ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይመካከራል፤ ሌሊቱን እንዲተኛ ይተዉትና ማለዳ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ሲነገረው የሚይዙት፣ አብረውት የሚያለቅሱ ሰዎች ከአጠገቡ አሉ። ከዚያም በኋላ ለቀናት ብቻውን አይተዉትም።

ታዲያ ክፉው ወሬ ያለው እዚያው በነፍሰ ጡሯ ማኅፀን ውስጥ የሆነ እንደሆነስ? ይህ ጥያቄ በአያቶቻችን ዘመን የሚነሳ አልነበረም፤ ያልተወለደ ሕፃን ልብ የሚታይበት መሣሪያ አልነበረምና። ዛሬ በከተማ የምትኖር እናት በእርግዝናዋ አጋማሽ፣ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በአልትራሳውንድ ስትታይ የሕፃኗ ልብ አራት ክፍሎችና ከልቡ የሚወጡት ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ሊታዩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ስለዚህ ይህን ዓይነቱን ወሬ የሚሰሙ ወላጆች ቁጥር እየጨመረ መሄዱ የማይቀር ነው።

አብዛኞቻችን ወደ ምርመራው የምንሄደው «ወንድ ነው ሴት?» የሚለውን ለመስማት ነው። ባልም ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ እናቲቱ ብቻዋን ትሄዳለች። ሆዷ ላይ ቀዝቃዛው ቅባት ተቀብቶ ተኝታ ሳለች መርማሪው ዝም ይላል። መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ያመላልሳል። ከዚያ ሌላ ሐኪም ይጠራል፤ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። እርሷ ከንግግሩ ምንም ባትይዝም ፊታቸውን ታነባለች። በመጨረሻ «ልቡ ላይ ችግር ያለ ይመስላል፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ጽፌልሻለሁ» ተብላ ወረቀት ተሰጥቷት ትወጣለች። ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ቁጭ ብለዋል። ለሐዘንተኛ የምናደርገውን ሥርዓት ሁሉ ያጣ መርዶ ቢኖር ይህ ነው።

ችግሩ የባለሙያዎች ጭካኔ አይደለም፤ ደጅ ላይ ሃያና ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እያለ ለአንዷ ግማሽ ሰዓት መስጠት ቀላል አይሆንም። ሆኖም ብዙ ጊዜ የማይፈጁ ነገሮች አሉ። ቅባቱ ተጠርጎላት፣ ልብሷን አስተካክላ፣ ተነሥታ ከተቀመጠች በኋላ መንገር ይቻላል። «ከማን ጋር መጣሽ? እስኪመጣ እንጠብቀው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የታየውን በአማርኛ፣ ወይም በምትሰማው ቋንቋ፣ ቢቻልም የልብ ሥዕል በወረቀት ላይ እየሣሉ ማስረዳት ይቻላል። ከሁሉም በላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሳ የምትመጣበትን ቀን መስጠት ያስፈልጋል፤ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ የተነገረውን እምብዛም አይሰማምና።

ስለ ሕመሙ ራሱ ጥቂት እንበል። የሰው ልብ ተሠርቶ የሚያልቀው በጣም ቀደም ብሎ ነው። ከተፀነሰ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ መምታት ይጀምራል፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ዋና ዋና ክፍሎቹ ተሟልተው ያልቃሉ። ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን በእርግጠኝነት የሚያውቁት ይህ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ግድግዳው ሳይገጥም ከቀረ ሰው በተለምዶ «የልብ ቀዳዳ» የሚለው ጉድለት ይፈጠራል። የደም ቧንቧው ሊጠብ ወይም ቦታው ሊለዋወጥ፣ አንዱ የልብ ክፍልም ሳያድግ ሊቀር ይችላል። በዓለም ዙሪያ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት አንድ ዓይነት የልብ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ከመቶ አንድ እንደማለት ነው። ጉድለቶቹ እኩል አይደሉም። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ልጁ እያደገ ሲሄድ ራሳቸው ይደፈናሉ፤ ቀዶ ሕክምና የሚሹ አሉ፤ በተወለዱ ቀናት ውስጥ አስቸኳይ ሕክምና ካልተገኘ ሕይወት የሚያሳጡም አሉ። «ልቡ ችግር አለበት» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም ማለት ነው። ወላጆች በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባቸው ከእነዚህ ከየትኛው እንደሆነ ነው።

እናትን ግራ የሚያጋባት ሌላም ነገር አለ። ልጁ በሆዷ ውስጥ ይራገጣል፣ ይገላበጣል። «እንዲህ እየተጫወተ እንዴት ታሟል ይሉኛል?» ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ ንጹሕ አየር ያለበትን ደም በእትብቱ በኩል ከእንግዴ ልጁ ያገኛል። ደሙም ሳንባውን አልፎ የሚሄድባቸው መንገዶች በልቡ ውስጥና አጠገብ ክፍት ናቸው። ስለዚህ ከባድ የሚባል ጉድለት ያለበት ልብ እንኳ እስኪወለድ ድረስ ሥራውን ሊወጣ ይችላል። ችግሩ የሚገለጠው ከተወለደ በኋላ፣ እነዚያ መንገዶች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ሲዘጉ ነው። መራገጡም እውነት ነው፣ የታየውም ጉድለት እውነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን አያስተባብልም።

ቤት ስትደርስ ደግሞ ሌላው ፈተና ይጀምራል። የሰሙ ሁሉ ዝም ሊያሰኟት ይረባረባሉ። «ተይ አታስቢው!»፣ «ሐኪም ሁሉ ያውቃል እንዴ? ለእከሊትም እንዲሁ ብለዋት ጤነኛ ወለደች»፣ «አታልቅሺ፣ ልጁ ይሰማል» ይሏታል። ሁሉም በመውደድ ነው የሚሉት። የሚያስከትለው ግን እናቲቱ ጭንቀቷን ይዛ ብቻዋን መቅረቷን ነው። ስታነሳው ሰዎች ስለሚረበሹ ማንሳቱን ትተዋለች። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ እርሷ ጣራ ጣራ እያየች ታነጋለች።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ባለሙያዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ባሳተሙት ጥናት በማኅፀን ያለ ልጃቸው የልብ ጉድለት እንዳለበት የተነገራቸውን 59 እናቶች ጠይቀው ነበር። ከመቶ 39 ያህሉ ከባድ አደጋ የደረሰበት ሰው የሚያድርበት ዓይነት የመንፈስ መረበሽ ታይቶባቸዋል። ከመቶ 31 ያህሉ ከፍተኛ ጭንቀት፣ 22 ያህሉ ደግሞ የመንፈስ ጭፍግግታ ነበራቸው። ልብ የሚባለው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሆነውን እንዳልሆነ እየቆጠሩ ለማለፍ የሞከሩት እናቶች ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ፤ ከትዳር ጓደኛቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት የሚያረካቸው ደግሞ የተሻለ ቆሙ። «አታስቢው» የሚለው ምክር መድኃኒት አለመሆኑን፣ የባል አብሮ መቆም ግን መድኃኒት መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እናቲቱ የምታዝነው ስለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል፤ ልጇ አልሞተም። አዎን አልሞተም። ግን ለወራት በሐሳቧ ያሳደገችው፣ ስም ያወጣችለት፣ ከታላቅ እኅቱ ጋር ሲሯሯጥ ያየችው ጤነኛ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተወስዶባታል። በእርሱ ምትክ የማታውቀው፣ የምትፈራለት ልጅ ተሰጥቷታል። ለመጀመሪያው ሳታዝን ሁለተኛውን መቀበል ይከብዳታል። ስለዚህ ታልቅስ። አንዳንዷ ሆዷን መዳሰስ ትተዋለች፣ የተገዛውን የሕፃን ልብስ ከዓይኗ ታርቃለች፣ ለገንፎ የሚሆነውን እህል ማዘጋጀት ታቆማለች። ይህን ያየች አማት «ልጇን ጠላችው» ብላ እንዳትፈርድ። አልጠላችውም፤ ብወደውና ቢሄድብኝስ ብላ ፈርታ ነው።

ከሐዘኑ ይልቅ የሚያደቅቃት ጸጸቱ ነው። ከባድ ነገር አንሥቼ ይሆን? በመጀመሪያው ወር የዋጥኩት የራስ ምታት ክኒን ይሆን? ፋብሪካው ውስጥ የማሸተው ነገር ይሆን? ከባሌ ጋር የተጣላሁ ዕለት ይሆን? እያለች የወራት ዕለቶቿን አንድ በአንድ ትመረምራለች። ለዚህ ሐኪሞች ያላቸው መልስ ግልጽ ነው። በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ለልብ ጉድለቱ አንድ ተለይቶ የሚታወቅ ምክንያት አይገኝም። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመም፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚይዝ ሩቤላ የተባለ ኩፍኝ መሰል በሽታ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ የአልኮል መጠጥ እንዲሁም በዘር የሚመጡ ምክንያቶች አደጋውን እንደሚጨምሩ ይታወቃል። ግን ዕቃ ማንሳት፣ ድንጋጤ፣ ጠብ ወይም ያማራትን ሳትበላ መቅረቷ የልጇን ልብ አልበሳውም። የሚጠረጠር ነገር ካለ ሐኪሟን በስም ጠቅሳ ትጠይቅ፤ «ይህ ነው ወይስ አይደለም?» ብላ መልሱን ትስማ። ጸጸት በጅምላ ሲነገረው አይሄድም፤ አንድ በአንድ ሲመለስለት ነው የሚቀንሰው።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚሉ ዘመዶችን በተመለከተ ብዙ ማለት አልሻም። ዘሩ ከሁለቱም ወገን ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር ከራሱ ዘመዶች ፊት ማስቆም የባልየው ተግባር ነው፤ ሚስት እንድትከራከር መተው አይገባም።

ባልም ቢሆን ከሐዘኑ ውጭ አይደለም። ልዩነቱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው መሄዱ፣ ገንዘብ ከየት ይገኛል እያለ ማሰላቱ ነው። እርሷ «ምንም አልመሰለውም» ትላለች፤ እርሱ ደግሞ እርሷን ላለማስለቀስ ብሎ ዝም ይላል። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዝምታ ይቀመጣል። ምሽት ልጆች ከተኙ በኋላ ቡና ተፍልቶም ሆነ ሳይፈላ፣ «ዛሬ ምን ምን ሲመጣብሽ ዋለ? እኔን ይህ ይህ ሲመጣብኝ ነበር» የሚባባሉበት ጊዜ ቢኖራቸው መልካም ነው። መፍትሔ ማምጣት አይጠበቅበትም። ከሁሉም በፊት በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሯት ይሂድ፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ይስሙ። እርሷ ሰምታ ለእርሱ ስታስተረጉም ሁለት ጊዜ መርዶ ነጋሪ ትሆናለች።

ለቀጠሮው ጥያቄዎችን በወረቀት ጽፎ መሄድ ይጠቅማል። ጉድለቱ ምን ይባላል? ከልብ ሌላ የተነካ አካል አለ? በልብ ሐኪም በልዩ የልብ አልትራሳውንድ መቼ ይታያል? የት ልውለድ? እንደተወለደ ምን ይደረግለታል? ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ መቼና የት? በዚህ አገር የማይሠራ ከሆነስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙዎች መልሱን ስለሚፈሩ አይጠይቁትም፤ ሐኪሙም ካልተጠየቀ አያነሳው ይሆናል። ሆኖም ወላጆች ሳይነገራቸው ቀርቶ ከወለዱ በኋላ ሲደርሱበት የሚያድርባቸው ምሬት የከፋ ነው።

የአገራችን ሁኔታ ከዚህ ላይ መሸሸግ የለበትም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የሚገኘው፣ በዶ/ር በላይ አበጋዝ ጠንሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ልጆች ዋና ተስፋ ወደ ውጭ አገር መላክ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ ልጆች እዚሁ ታክመው ድነዋል። ይሁን እንጂ ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ሲቆጠሩ ኖረዋል፤ ዓመታት የጠበቁም አሉ። ለወላጆች «አይዟችሁ፣ ይታከማል» ብሎ መሸኘት ተራው እንደሚረዝም ካልተነገረ ግማሽ እውነት ነው። «አይታከምም» ማለትም እንዲሁ። የሚረዳቸው ዛሬ ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ ስማቸውን የት እንደሚያስመዘግቡ፣ በጥበቃው ጊዜ ልጁ በምን መድኃኒትና ክትትል እንደሚቆይ ማወቃቸው ነው።

ጥቂት ጊዜ ደግሞ የተገኘው ጉድለት እጅግ ከባድ፣ ሊድን የማይችል ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት እርግዝናውን በሕክምና ተቋም ማቋረጥን አይቀጣም። አብዛኞቹ የልብ ጉድለቶች በዚህ ውስጥ አይገቡም። የሚገቡት ቢሆኑም ውሳኔው የእናቲቱ ነው፤ ከባሏ ጋር መክራ፣ ከእምነቷ ጋር ተነጋግራ፣ ለማሰብ ጊዜ ተሰጥቷት። «አስወርጂው» የሚልም «እንዳታስቢው» የሚልም ዘመድ ሌሊት ከእርሷ ጋር አያድርም። እስከ መጨረሻው ለመሸከም የወሰነችም፣ ለማቋረጥ የወሰነችም ኋላ የምታዝን እናት ናት፤ ሁለቱም ጠያቂ ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ጠበል የምትሄድ ወይም ዱዓ የምታስደርግ እናትን «ተይ» ማለት አይገባም፤ ብርታት የምታገኝበት ነው። ቀጠሮዋን ሳትሰርዝ እስከሄደች ድረስ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሐዘኑ የተለመደውን መልክ ሲያልፍ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣች፣ ምንም ነገር ደስ የማይላት ከሆነ፣ ልቧ እየመታ ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ፣ ክትትሏን ካቋረጠች፣ ይልቁንም «በሞትኩ» የምትል ከሆነ ቀን ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የአእምሮ ሐኪም ሲባል ብዙ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ያስባል፣ «አማኑኤል ገባች» መባልንም ይፈራል። ይህን ፍርሃት እስከ መቼ ይዘን እንደምንሄድ አላውቅም። ዛሬ በጠቅላላ ሆስፒታሎችም ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ስላሉ፣ የእርግዝና ክትትል የምታደርግላትን አዋላጅ ነርስ «የምታናግሪኝን ባለሙያ ምሪኝ» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ተመሳሳይ ልጅ ያሳደገች ሌላ እናት ማግኘትም ትልቅ እርዳታ ነው። ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ሲጠቁር ምን እንደምታደርግ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ ከእርሷ የሚሰማው ከመጽሐፍ አይገኝም። የልብ ክትትል ያላቸው ሆስፒታሎች ተራ መጠበቂያ ወንበሮች ላይ እንዲህ ያሉ እናቶች ይገናኛሉ።

በቤት ያሉ ታላላቅ ልጆችም ይረሳሉ። እናታቸው ስታለቅስ ያያሉ፣ ሹክሹክታ ይሰማሉ፣ ከዚያም «እኔ ስላስቸገርኳት ነው» ብለው ይደመድማሉ። «የሕፃኑ ልብ ታሟል፤ ሐኪሞች እየረዱት ነው፤ አንተ ያደረግኸው ነገር የለም» ብሎ በአጭሩ መንገር ይበቃቸዋል።

መውለጃው ሲቃረብ ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ለጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ባለው ሆስፒታል ለመውለድ መዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ምጥ ሲጀምር ማን እንደሚያደርሳት፣ ቤት ማን እንደሚቆይ ቀድሞ ይነጋገሩበት። ሕፃኑ ወዲያው ወደ ልዩ ክፍል ከተወሰደ እናቲቱ ባዶ እቅፍ ይዛ ከሌሎች አራሶች መካከል ትተኛለች። ከተቻለ ከመወሰዱ በፊት ታየው፣ ትንካው፤ አባትየው ተከትሎት ይሂድና ወሬውን ያምጣላት። ወተቷን እያለበች እንድታቆይለት ነርሶቹ ያሳዩአት። ጠያቂዎችም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለቱ ይከብዳቸውና እግራቸውን ይሰበስባሉ። ወልዳለች እኮ፤ ይባልላት። ገንፎውም ይምጣላት። የሕፃኑንም ስም እየጠሩ ይጠይቁላት።

ሠራተኞች የሆናችሁ ወላጆች ደግሞ መብታችሁን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች፤ የምርመራ ማስረጃውን ማቅረብ ግን አለባት። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር አላት። የተደጋገመ ቀጠሮ ስለሚኖርባት ወረቀቶቹን በአንድ ቦታ ሰብስባ ትያዝ፤ ዝርዝሩን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለባትም። ለአባት አዋጁ 3 ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል። እነዚህ ግን ለወሊዱ ጊዜ የታሰቡ ስለሆኑ፣ በምርመራው ዕለት አብሯት ሊሄድ የሚፈልግ አባት ከዓመት ፈቃዱ ላይ ለቀጠሮዎቹ የሚሆኑትን ቀናት ቀደም ብሎ ቢያስመዘግብ ይሻላል።